ጨለማ የማይፈራው ካሜራና የአባቴ ጥግ

ባለፈው ጥር ፃግብጂ ወርጄ ያነሳሁት ሰርግ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ጓዳ ተቀምጣለች። ቤቱ የድንጋይ ቤት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ከስንዝር፣ መስኮቱ ደግሞ ድመት እንኳ ተጨንቃ የምትወጣበት። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እዚያ ውስጥ ግን ሰው የሚተዋወቀው በድምፅ ነው። ፍላሼ በዚያው ሳምንት ተበላሽቶብኛል። እንደ ምንም አንስቼ፣ ሰቆጣ ተመልሼ አትሜ ላክሁላቸው። ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራው እናት ፎቶዎቹን በፌስታል ጠቅልለው ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፏቸውና፣ «ልጄ ያገባው ሰው ነው ጥርስ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። እውነታቸውን ነበር። ከሙሽራዋ ጥርስና ከአንገቷ መስቀል በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ የቀረው ሁሉ ጥቁር አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሙሽሮቹን ከተማ አስመጥቼ ደጅ ላይ በነፃ ደግሜ አነሳኋቸው። እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። የዚያን ቀን የምግልበት ሰው ስላጣሁ በካሜራዬ ጋልኩ። መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጠው «አንተ ፈሪ!» ብዬ ሰደብኩት።

ፈሪ ነው መቼም። አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። የባትሪ መክደኛው በፕላስተር ታስሯል፤ ማንገቻው ተበጥሶ በነጠላ ጥለት ቀጥየዋለሁ። በቀን ብርሃን ግን እሱን የሚያህል የለም። በሻደይ በዓል ልጃገረዶቹ ሜዳ ላይ ሲጨፍሩ የቀሚሳቸውን ጥልፍ ክር በክር ለይቶ ያነሳል። ከሰሃላ ድረስ በእግራቸው ተጉዘው ለመታወቂያ ፎቶ የሚመጡትን ገበሬዎች፣ ደጄ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ አነሳቸዋለሁ፤ ራሳቸውን አይተው «ይሄ እኔ ነኝ?» ይላሉ ደስ ብሏቸው። ችግሩ ጥላ ውስጥ ስንገባ ነው። የብርሃን ስሜቱን፣ እኛ ባለሙያዎቹ አይ.ኤስ.ኦ የምንለውን፣ ከፍ ሳደርግለት አሸዋውን ይበትናል። ዝቅ ሳደርግለት ደግሞ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ካልቆየ አያይም፤ እሱ እስኪያይ ሰው ይነቃነቅና መልኩ ጭስ ይሆናል። እዚህ አገር ደግሞ ኑሮው ያለው ጥላ ውስጥ ነው። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ የአራስ ጥየቃው፣ ሁሉም በዚያ ክንድ ከስንዝር ግድግዳ ውስጥ ነው።

እንዲያም ሆኖ ካሜራ ልቀይር አልቀይር እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁት በሙሽራዋ ጥርስ አይደለም። በእህቴ ነው።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። እናታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተችብን፤ ያሳደጉን አባታችን ናቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ከደብሩ አጠገብ፣ በተወለድንበት የድንጋይ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔ አባዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ «ጥላ ነጋዴዋ» ይሉኛል። ቤቱ ውስጥ ከምሰሶው ጀርባ አንድ ጥግ አለች። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚቀመጡት እዚያ ነው። የሚያስተምሩትም፣ የሚቆጡትም፣ የሚያሸልቡትም እዚያችው ጥግ ላይ ነው።

እህቴ ልሂድ ስትል አባዬ አልወደዱም። ለመኗት፣ ተቆጧት፣ ሽማግሌ አስገቡባት። እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት፣ እንቢ ካለች እንቢ ነው። የሄደች ዕለት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ጥጋቸው ድረስ ሄዳ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ፌስታሏን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። አሁን እጃቸውን አንስተው ራሷ ላይ ይጭናሉ ብዬ ጠበቅሁ። መቋሚያቸውን እንደያዙ ዝም አሉ። አልረገሟትም፤ አልመረቋትም። ትንሽ ተንበርክካ ቆየችና ተነስታ ወጣች። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም። ስንቁ ቢቀር ይቀራል እንጂ ምርቃቱ አይቀርም። እናት ለሌላት ልጅ ደግሞ ከአባቷ ምርቃት ሌላ ምን አላት?

«ፊታቸውን እንኳ አላየሁትም እኮ» ትለኛለች በደወለች ቁጥር። «ጨለማ ነበር። ተቆጥተው ይሁን ከፍቷቸው ይሁን ሳላውቅ ወጣሁ።» ሰባት ዓመት ሙሉ ይችን ነገር ስታመነዥክ ኖረች።

መብራቱም ስልኩም በጠፋባቸው ዓመታት አባዬ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ወጥተው «ከዚያች ልጅ ወሬ የለም?» ይሉኝ ነበር። ከየት ይምጣ ወሬ! ስልኩ የተመለሰ ዕለት ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ደህና ነሽ? እህል ትበያለሽ?» አሏት። «ደህና ነኝ አባዬ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። አለቀ። ከዚያ ወዲህም በየወሩ ያው ነው፤ ደህና ነሽ፣ እህል ትበያለሽ፣ ይመስገን። አንድ ቀን ንዴቴ መጣና «ምናለበት ሁለት ቃል ቢመርቋት!» ብዬ ጮኽሁ።

«ምርቃት ፊት ለፊት ነው» አሉኝ። «ለቆርቆሮ ነው የምመርቀው?»

እህቴም ምርቃቱን በስልክ ለመለመን አልደፈረችም። በምትኩ ሌላ ነገር ያዘች። «ጥጋቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ፊታቸው ይታይ እንጂ ሌላው ይቅር። አሁንም እንደተቀየሙኝ ከሆነ ከፊታቸው አነበዋለሁ» አለችኝ።

ሲያወሩት ቀላል ነው። አባዬ የዓይን ሞራቸው ከተገፈፈ ወዲህ ፀሐይ አይችሉም። ደጅ ሳወጣቸው ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በነጠላቸው ይጋርዳሉ። አንዴ እንደዚያ አንስቼ ብልክላት «ይኸውልሽ፣ ግንባራቸውን አየሽው?» ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች። ፍላሽማ አይነሳም። አንዴ ብሞክረው «መብረቅ ይዘሽብኝ መጣሽ?» ብለው ሳምንት አኮረፉኝ። ያለ ፍላሽ ጥጋቸው ላይ ሳነሳቸው ደግሞ ያው የሙሽራዋ ጣጣ ነው፤ በጥቁሩ መሐል ነጭ ጥምጣም ብቻውን ይታያል። እሱንም ላክሁላት። «ጥምጣሙንማ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነበርኩ የማጥበው» አለችኝ።

በዚህ መሐል ነው አንድ የወልድያ ጓደኛዬ የመጣው። ሥራውን የጀመርነው አንድ ላይ ነው። አሁን እሱ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ካሜራ እንደ ሸሚዝ ይቀያይራል። አዲስ ስለገዛ የበፊቱን ለእኔ ሊሰጠኝ አሰበ። «አሮጌሽን ስጪኝ፣ ትንሽ ጨምሪበት፣ ይሄን ውሰጂ። ጨለማ የሚባል አያውቅም» አለኝ።

«አሮጌውን ምን ልታደርገው?»

«ፈትቼ ዕቃ ዕቃውን እሸጠዋለኋ! ሌላ ምን ይሆናል?»

ስንቱን ያነሳሁበት! ስንቱ ሰው ዛሬ የለም፤ መልኩ የቀረው በዚያ ካሜራ ነው። ሳቅማማ አይቶ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ተረተብኝ። «ሞኝ ያልከኝ እኔን ነው?» ብዬ ተነሳሁበት፤ እሱ ግን ያውቀኛል፣ ሳቀብኝ። «በይ ተይው። እኔ ጽጽቃ ሰርግ አለብኝ። ሳምንት ሞክሪው። ስመለስ ከሁለት አንዱን ትሰጪኛለሽ» ብሎ ለእኔ አዲስ የሆነውን ካሜራ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ ካሜራው ዕንቁ ነበር። የፎቶ ቤቴን መዝጊያ ዘግቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ከመደርደሪያው ሥር የተኛችውን ድመት አነሳኋት። ጺሟ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ወይ ጉድ!» ብዬ ብቻዬን ጮኽሁ። በማግስቱ አራስ የሆነች ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ሕፃኑን ምች እንዳይመታው ብለው በሩ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅለዋል፤ ጣቴን እንኳ አላየውም። ያለ ፍላሽ፣ ሕፃኑ ሳይነቃ፣ ከእነ ጣቶቹ ጥፍር አነሳሁት። እናትየዋ ስታየው «ለካ አፍንጫው የአባቱ ነው!» ብላ ሳቀች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለአሮጌው ካሜራዬ ማዘኔን እንኳ ረሳሁት፤ መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፣ ዞር ብዬም አላየሁት። ሳየው ስለሚያሳፍረኝ ይሆናል።

በአምስተኛው ቀን ወደ አባዬ ወጣሁ። እኩለ ቀን ነው። ተማሪዎቹ ደጅ ላይ ዜማቸውን እየደጋገሙ ይቀጽላሉ። አባዬ ጥጋቸው ላይ ናቸው።

«አባዬ፣ ፎቶ ላነሳዎት ነው። ለልጅዎ የሚላክ ነው» አልኳቸው።

«ለዚያች ልጅ?»

«ለዚያች ልጅ።»

ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። መቋሚያቸውን ፊት ለፊታቸው ተከሉና በሁለት እጃቸው ያዙት። አፋቸውን ገጥመው ሌንሱን ትክ ብለው አዩት። አንዴ ጠቅ አደረግሁ።

«አበቃ» አልኩ።

«አበቃ?»

«አበቃ አባዬ። የዘመኑ ካሜራ እኮ ነው!»

ቅር ያላቸው መሰሉ። አንድ ነገር ሊሉኝ አስበው ተዉት። እኔ በፎቶው ደስታ ሰክሬ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ጠላ ቀዳሁላቸውና ከነደስታዬ ወደ ከተማ ወረድኩ።

ፎቶውማ ምን ልበላችሁ! ሽፋሽፍታቸው፣ ጺማቸው፣ ከኋላቸው የተንጠለጠለው ከበሮ ጠፍር፣ እናቴ ግድግዳውን ስትለስን የተወችው የጣት ምልክት ሳይቀር ይታያል። ያን ምልክት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለእህቴ ላክሁላትና መልሷን እየጠበቅሁ ጣቴን ስበላ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«ቤታችን መብራት ገባ እንዴ? የሰው ቤት መሰለኝ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል፣ እግዜር ይስጥሽ። አፋቸውን እንዴት እንደገጠሙት አየሽ? ልክ እንደዚያን ቀን። አንዲት ቃል የለችም። በቃ ገባኝ፣ አልታረቁኝም። ከእንግዲህ ፎቶ አትላኪልኝ።»

ደሜ ፈላ። መልሼ ደወልኩና «አንቺ ደግሞ አታብዢው! የኛ ሽማግሌዎች ፎቶ ሲነሱ መቼ ጥርሳቸውን ያሳያሉ? ሁሉም አፋቸውን ይገጥማሉ!» ብዬ ጮኽሁባት። «ሌላው ሽማግሌ አባቴ አይደለም» አለችኝና ዘጋችው። ተቀምጬ ፎቶውን አየሁት። አይቼ አይቼ እኔም ተጠራጠርኩ። ካሜራው ምንም አላጠፋም፤ የተገጠመ አፍ አሳዩት፣ የተገጠመ አፍ አነሳ።

ደግሜ ላነሳቸው ወሰንኩ። አንድ የሚያስቅ ነገር አወራቸዋለሁ፣ ፈገግ ሲሉ ጠቅ አደርጋለሁ፣ አበቃ። አዲሱን ካሜራ ሳነሳው ግን ባትሪው ሞቷል። ድመት ሳነሳ፣ ስኒ ሳነሳ፣ የራሴን ጫማ በጨለማ ሳነሳ ጨርሼዋለሁ። ቻርጀሩን ስሰካ መብራት የለም። ማታም የለም፣ በማግስቱም የለም። ጄኔሬተር ያለው ጎረቤቴ ነዳጅ አጥቶ እሱም ሻማ ይዟል። ጓደኛዬ የሚመለሰው ደግሞ በነጋታው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ለካ እኔን ነው! አሮጌውን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ስላልነካሁት ባትሪው ሙሉ ነው። «ና እስቲ አንተ ፈሪ» ብዬው ዳገቱን ያዝኩ።

አባዬ እዚያው ናቸው። በዚያ ብርሃን አሮጌው ካሜራ አሸዋ ሳይበትን እንዲያይ ስምንት ሰከንድ ዓይኑን መክፈት አለበት። ስምንት ሰከንድ በእጅ አይያዝም፤ የካሜራዬን ማቆሚያ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሰርግ ላይ ጨፋሪዎች ረግጠው ሰብረውብኛል። ዞር ዞር ብዬ ሳይ አባዬ ፊት መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ አለ።

«አባዬ፣ አትሮንሱን ያውሱኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ካሜራውን ላሳርፍበት።»

«ዳዊት የሚቀመጥበት ላይ ጥላሽን ልታስቀምጪ?»

«ለልጅዎ ነው» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «ባለፈው የላክሁላት ፎቶ አስለቀሳት። አባቴ አልታረቁኝም ብላለች። አፋቸውን ገጥመዋል ብላለች።»

ዳዊታቸውን ከአትሮንሱ አንስተው ተሳለሙት፣ ጉያቸው አደረጉት፣ አትሮንሱን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ነጠላዬን አጥፌ ካሜራውን አደላደልኩት።

«ስምንት እስክቆጥር እንዳይነቃነቁ» አልኳቸው። «ትንሽ ቢነቃነቁ ጭስ ነው የሚሆኑብኝ።»

ሳቁብኝ። «መቆምና አለመነቃነቅ እኔን ነው የምታስተምሪኝ? ከዋዜማ እስከ ቅዳሴ ይችን መቋሚያ ተደግፌ ስቆም ዝንብ ምሰሶ ነኝ ብላ የምታርፍብኝን ሰውዬ?»

ተጫንኩት። «አንድ… ሁለት…» እያልኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ጥጓ ጨለማ ናት፤ እኔ ካሜራው እንዳይነቃነቅ እሱን እሱን አያለሁ እንጂ የአባዬን ፊት አላይም። ደጅ ላይ ተማሪዎቹ አንዷን ዜማ እየደጋገሙ ይስታሉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን አባዬ «ተመለስ!» ብለው ያርሟቸው ነበር፣ አላረሙም። «ሰባት… ስምንት። አበቃ!» አልኩ። በረጅሙ ተነፈሱ።

ትንሿን ስክሪን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣቶቻቸው ጥርት ብለዋል። የመቋሚያው አንጓ፣ የጥምጣሙ እጥፋት፣ ዓይኖቻቸው፣ ሁሉም ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ያህል ጸንቷል። ጥቁሩም ጥቁር ነው፤ ተወልደን ያደግንበት የቤታችን ጥቁር። አፋቸው ግን የለም። ከአፍንጫቸው በታች፣ ጺማቸውም ከንፈራቸውም ጭስ ሆኗል።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽሁ። «አፍዎን አነቃነቁት!»

«እህ» አሉ።

«አይነቃነቁ አላልኩዎትም?»

«አልተነቃነቅሁም።»

«አፍዎስ?»

«አፌማ ሥራ ላይ ነበር።»

«የምን ሥራ? ተበላሸብኝ እኮ! ይስተካከሉ፣ እንደገና ላንሳዎት።»

«አይሆንም» አሉ። ዳዊታቸውን ከጉያቸው አወጡ። «አንዴ ተብሏል። ምርቃት እየደጋገሙ የሚሞክሩት ነገር አይደለም።»

እጄ ካሜራው ላይ ቀረ። «መረቋት?»

«ታዲያ ምን ሳደርግ ነበር?»

«ምርቃት ፊት ለፊት ነው አላሉኝም?»

«ይሄ እሷ ፊት አይደለም የሚሄደው? ዓይኔን አይደለም የምታየው?» አሉኝ፣ ለደደብ ተማሪ እንደሚያስረዱ። «ስልኩ ዓይን የለው። ይሄስ አለው።»

«ታዲያ ባለፈውስ ለምን አላሏትም? ያም እኮ ወደ እሷ ነበር የሚሄደው!»

«ባለፈውማ ልጀምር ስል አበቃ አልሽኝ!» ተቆጡ፤ የእኔ ቁጣ ከየት እንደመጣ ሰው ቢጠይቀኝ ከዚያው ነው። «ያ ዕቃሽ ጊዜ አይሰጥም። ይሄኛው ደህና ነው። ሰው የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ይጠብቃል።»

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳሏት ጠየቅኋቸው፤ ሊነግሩኝ አልፈለጉም ነበር፣ ግን ነገሩኝ። «ያወጣሽ መንገድ ይመልስሽ። የረገጥሽው ይለምልም። ክፉ ዓይን አይይሽ። ይኸው ነው፤ ስምንቱ አልበቃም እንጂ ሌላም ነበረኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ዕለትም እሱኑ ልላት ነበር። ሲቃ ያዘኝ። አፌን ብከፍት እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ልጅ መንገድ ስትወጣ አባት ካለቀሰ መንገዷ ይከፋል። ለዚያ ነው አፌን የገጠምኩት» አሉኝ።

ሰባት ዓመት! እሷ እዚያ ተቀይመውኛል እያለች፣ እሳቸው እዚህ እንባቸውን ይዘው፣ እኔ መሐል ላይ ስልክ አቀባባይ ሆኜ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ፎቶ አትላኪልኝ ብላኝ የለ? እኔም የማን ልጅ ነኝ፣ ላክሁላት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «አፋቸው የጠፋው ስለተነቃነቀ ነው። የተነቃነቀው ሲመርቁሽ ነው። ያን ቀን ዝም ያሉት እንዳያለቅሱ ነው፤ መንገድሽ እንዳይከፋ።» ከዚያ ያሏትን ቃል በቃል ጻፍኩላት። ያን ቀን መልስ የለም። በማግስቱም የለም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከጽጽቃ መጣ። አዲሱን ካሜራ ጠርጌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁት። ዓይኑን ማመን አልቻለም። ያን ፎቶ አሳየሁት። አንገቱን ዘምበል አድርጎ አየና «ዓይናቸው ግሩም ነው። አፋቸውን ግን አበላሽተሽዋል» አለኝ።

«እሱን ነው የምልህ» አልኩት።

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና አሮጌውን ካሜራ አንስቶ ያችን የፕላስተር መክደኛ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። «አሁንም ሞኝና ወረቀት እላለሁ» አለ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። እኔም አልተቆጣሁም። ሞኝ አይደለሁም፤ ነጋዴ ነኝ። ያን አራስ ልጅ በአሮጌው ማንሳት እንደማልችል አውቃለሁ፤ ሕፃን ስምንት ሰከንድ መቋሚያ ተደግፎ አይቆምም። አንድ ቀን ጨለማ የማይፈራውን እገዛለሁ። እስከዚያ ድረስ ሙሽሮችን ወደ በሩ ጠጋ በሉልኝ እያልኩ እለምናለሁ፣ አማቶች ከተቆጡም ደጅ ላይ ደግሜ አነሳለሁ። ይሄን ግን ፈትቶ የሚሸጥልኝ የለም። ከቀየርኩም አዲሱ ይመጣል እንጂ አሮጌው አይሄድም። ይሄን ስወስን ቅልል አለኝ፤ ሻይ ጋበዝኩት፣ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ የእህቴ የዕረፍት ቀን ነው፣ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። ከፈትኩት፣ ሰማሁት፣ ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። አባዬ ጥጋቸው ላይ ናቸው።

«ከዚያች ልጅ ወሬ አለ» አልኳቸው።

ጆሯቸው ላይ ስልኩን አስጠጋሁላቸው። ወሬ የለውም መልእክቱ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ «አሜን» ትላለች። ትቆያለች፤ አንድ ሰው ቀጣዩን ምርቃት እስኪላት የምትጠብቅ ያህል። «አሜን» ትላለች ደግማ። ሦስተኛውን ስትል ድምፅዋ ተሰብሮ ሙሉውን አልጨረሰችውም።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «አንዴ ጨምሪልኝ» አሉ። ስልኩን ከጆሯቸው አራቅሁና በመዳፌ ላይ አድርጌ ፊታቸው ያዝኩላቸው። በመጨረሻው አሜን ላይ ቀኝ እጃቸውን ከመቋሚያቸው አነሱና ቆርቆሮው ላይ፣ ከነመዳፌ፣ ጫኑት። የዚያን ማለዳ በሩ ላይ ፌስታል ይዤ የጠበቅሁት እጅ ነው። ከንፈራቸው ይነቃነቃል፤ ስምንት ሰከንድ አለፈ፣ አላበቁም። እጃቸውን እስኪያነሱ ድረስ እኔም አልተነቃነቅሁም።